የኤርባግ መብራት ጠፋ ማለት ኤርባጉ ደህና ነው ማለት አይደለም!

ሰላም ሰላም የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንዴት ናችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ የምናወራው መሪያችሁ መሃል ስላለችው ነገር ነው። ክላክስ ስታደርጉ በመዳፋችሁ የምትጫኗት፣ የመኪናው ምልክት ያለባት ክዳን አለች አይደል? እሷ ሥር ስላለችው ኤርባግ፣ ግጭት ሲመጣ ተነፍታ ስለምትቀበላችሁ ትራስ። ቪትዝ ያላችሁ፣ ያሪስ ያላችሁ፣ ኤግዝኪዩቲቭ ኮሮላ ያላችሁ፣ አሜሪካ ሆናችሁ ደግሞ የድሮ ሲቪክና አኮርድ በርካሽ አግኝታችሁ የምትነዱ፣ በእናታችሁ ይቺን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ስሙኝ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም አሁኑኑ አድርጉ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ቀበቶ ላይ ነው የምንሄደው፣ ከዛሬው ጋር የተያያዘ ነው።

እሺ። ታካታ። ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። የጃፓን ካምፓኒ ነው፣ ነበር ልበል፣ 2017 ላይ ኪሳራ አውጇል (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)። ይሄ ካምፓኒ ኤርባግ እየሠራ ለሆንዳ፣ ለቶዮታ፣ ለኒሳን፣ ለቢኤምደብሊው፣ ለፎርድ፣ ስንቱን ልጥራላችሁ፣ ለብዙዎቹ ያቀርብ ነበር። ሆንዳ የመጀመሪያውን ሪኮል (ካምፓኒው ችግር ያለበትን መኪና ለማስተካከል መልሶ ሲጠራ ማለት ነው) ያወጣው 2008 ላይ ነው፣ ጥቂት መኪኖች ነበሩ ያኔ። ከዛ እያደገ እያደገ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ኤርባግ ደረሰ፣ በዓለም ደረጃ ወደ 100 ሚሊዮን። በመኪና ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ሪኮል የለም። አሜሪካ ውስጥ 28 ሰው ሞቷል፣ የተጎዳው ከ400 በላይ ነው።

እና እነዚህ ሰዎች ተራራ ላይ ተገልብጠው አይደለም የሞቱት። ብዙዎቹ በሌላ መኪና ቢሆን ወርደው ተጨቃጭቀው፣ ትራፊክ ጠርተው ቤታቸው የሚገቡበት ግጭት ነው። 2014 ላይ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ አንዲት ሴት ሞተች፣ መርማሪዎቹ አንገቷ ላይ ያለውን ቁስል ሲያዩ በስለት የተወጋች መሰላቸው። በስለት! ነፍስ ግድያ ነው ብለው ነው ምርመራ የጀመሩት። ኤርባጉ ነበር። ኤርባጉን የሚነፋው ብረት ራሱ ተሰባብሮ፣ ትራሱን ቀዶ ወጥቶ።

ለምን ይሰባበራል? እዚህ ጋ ረጋ እንበል፣ ይሄን ማስረዳት በጣም ነው የምወደው። የሰጋቱራ ምድጃ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። የአሁን ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ፣ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ትልቅ ጣሳ ነው፣ ከታች ጎኑ በኩል ቀዳዳ አለው። እናቴ መሃሉ ላይ ጠርሙስ ታቆማለች፣ ዙሪያውን ሰጋቱራ ትሞላለች፣ ከዛ በዘነዘና ትጠቀጥቀዋለች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እንደገና ትጨምራለች፣ እንደገና ጠቅ ጠቅ። ሲሞላ ጠርሙሱን እያሽከረከረች ቀስ ብላ ታወጣዋለች፣ ትንፋሿን ይዛ ነው የምታወጣው፣ መሃሉ ላይ ልክ በጠርሙሱ ቅርጽ ጉድጓድ ይቀራል። ከታች ትለኩሰዋለች። እሳቱ የጉድጓዱን ግድግዳ ቀስ እያለ እየበላ ይሄዳል፣ ሽሮው ይበስላል፣ ቡናው ይፈላል፣ ባቄላው ይቀቀላል፣ ምድጃው ገና ነው። አንድ ጣሳ ሰጋቱራ ግማሽ ቀን!

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ኳስ ሲያባርር ምድጃውን በእግሩ መታው። ሰጋቱራው ውስጥ ውስጡን ተናደ። ቡፍ! እሳቱ ከጣሳው በላይ ዘሎ ወጣ፣ እናቴ ጎንበስ ብላ ድስት ልታወርድ ነበር፣ ቅንድቧን ለበለባት። ቅንድቧ እስኪያድግ ሻሽ አውርዳ ስታስር ትዝ ይለኛል። አሁን ልብ በሉ፣ ሰጋቱራው ያው ሰጋቱራ ነው፣ ማንም አልጨመረበትም። ግማሽ ቀን ሊነድ የነበረው ነገር በአንድ ጊዜ ልንደድ አለ፣ ምክንያቱም ተጠቅጥቆ የነበረው ፈረሰ።

የታካታም ነገር ይሄው ነው። ኢንፍሌተር የሚባለው፣ ትራሱን የሚነፋው ብረት ውስጥ ተጠቅጥቆ ክኒን የተሠራ አሞኒየም ናይትሬት አለ፣ ለማዳበሪያም ለድንጋይ ማፍረሻም የሚሆነው። ግጭት ሲመጣ ይለኮሳል፣ በልኩ ይነድዳል፣ ጋዝ ይሰጣል፣ አንድ ሰከንድን ሺህ ቦታ ብትከፍሉት ሠላሳኛዋ አካባቢ ትራሱ ሞልቷል። ግን ይሄ ነገር እንደ ጨው እርጥበት ይስባል። ቀን ይግላል ማታ ይቀዘቅዛል፣ ይሄ አሥር ዓመት ሲመላለስበት ክኒኑ ይሰነጣጠቃል፣ ይፈረፈራል። የተናደው ሰጋቱራ በሉት። ቡፍ! ልዩነቱ የእናቴ ምድጃ ከላይ ክፍት ነው፣ ይሄኛው ብረት ውስጥ ታፍኗል፣ መውጫ ሲያጣ ብረቱን ይሰብራል። አዲስ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አለች አይደል? እንደሷ ያለ ነገር እንኳን ብዙዎቹ ላይ አላስገቡም። የሙከራ ውጤት እያጭበረበሩ ለመኪና ካምፓኒዎቹ ያቀርቡ እንደነበር 2017 ላይ ፍርድ ቤት ቀርበው አምነዋል፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ተወስኖባቸዋል። እኔን ገንዘቡ አያረካኝም፣ እውነቴን ነው፣ እያወቁ ነው ያደረጉት።

አሁን ወደ ኮመንታችሁ ልምጣ። ባለፈው ትንሽ ነካ አድርጌው ነበር፣ ከዛ ኮመንቱን የሞላው አንድ ነገር ነው፦ «የእኔ መኪና የኤርባግ መብራት አይበራም ስለዚህ ሰላም ነኝ»። ወገኖቼ፣ አይደለም። አይደለም። ያ መብራት የሚያውቀው ሽቦውን ነው። ቁልፍ ስታዞሩ ኮምፒውተሩ መስመሩ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ ተገናኝቷል ወይስ ተበጥሷል ብሎ ያያል፣ ደህና ከሆነ መብራቱን ያጠፋል። ክኒኑ ይሰንጠቅ፣ ዱቄት ይሁን፣ አያይም። የተበላሸ የታካታ ኤርባግ ያለው መኪና መብራቱ ጥርት ብሎ ይጠፋል!

ከዚህም የባሰ ላሳያችሁ። አንድ ጋራዥ ቆሜ ነው፣ ኮሮላ ገባ፣ ሰውየው ከገዛው ሁለት ወሩ ነው፣ ክላክሱ አልሠራ ብሎት ነው የመጣው። መብራቱ ቁልፍ ሲዞር ይበራል፣ ስድስት ሰከንድ ገደማ ይቆያል፣ ይጠፋል፣ ልክ እንደ ደህና መኪና። መካኒኩ የመሪውን ክዳን ሲያነሳ ውስጡ ባዶ ነው። ባዶ! ታጥፎ የተጠቀጠቀ የፍራሽ ስፖንጅ ነው ያለው። ሽቦው ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪክ የምትገድብ ዕቃ፣ ተበይዳለች፣ ኮምፒውተሩ ኤርባግ ያገኘ እንዲመስለው። ሰውየው ስፖንጁን በእጁ ይዞ ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ የኋላ ወንበር ላይ ያለውን የልጅ መቀመጫ ያያል። ማን እንደሠራው እንጃ፣ መኪናው ከሱ በፊት ብዙ እጅ አልፏል።

ስለዚህ ስትገዙ እዩ፦ መብራቱ ቁልፍ ስታዞሩ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ወይ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ከበራና ከጠፋ ደግሞ ሽቦው ደህና ነው ማለት ብቻ ነው። የመሪው ክዳን ቀለም ከዳሽቦርዱ ይለያል? የዳሽቦርዱ የተሳፋሪ በኩል ስፌት ማጣበቂያ ነክቶታል? ቀበቶው ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ አንብቡ፣ የተመረተበት ቀን አለው፣ ከመኪናው ዓመት በኋላ ከሆነ ቀበቶው ተቀይሯል፣ ለምን ተቀየረ በሉ፣ ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሳልቬጅ ታይትል፣ ማለትም በከባድ ጉዳት የተመዘገበ መኪና የምትገዙ፣ እናንተም ስሙ። በ2024 ክረምት የአሜሪካው የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ ከዚህ በፊት ተጋጭተው ርካሽ የውጪ ኢንፍሌተር የተገጠመላቸው መኪኖች ላይ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት ሰው ሞቷል። ደግሞም ዲለር አዲስ መኪና ሪኮሉ ሳይሠራ መሸጥ አይችልም፣ ያገለገለ መኪና ግን የፌደራል ሕጉ አይከለክለውም። ይሄን የማያውቅ ሐበሻ ብዙ ነው፣ «ዲለር ነው የሸጠልኝ» ብሎ ልቡን ይጥላል።

ሌላው ኮመንት «የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ነው፣ አይመለከተንም» የሚለው ነው። ሙቀትና እርጥበት የበዛበት ቦታ ቶሎ ይበላሻል፣ እውነት ነው፣ ግን ብርዳሙ አላስካ ያሉትም ተጠርተዋል። ያንተ መኪና ደግሞ አዲስ አበባ አልተወለደም ወንድሜ፣ ስንት ዓመት ዱባይ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የመጣው።

እና ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሪኮል ሲወጣ ካምፓኒው ደብዳቤ የሚልከው ለተመዘገበው ባለቤት ነው። መኪናው በመርከብ ጅቡቲ ገባ፣ ደብዳቤው ዱባይ ቀረ፣ ቤልጅየም ቀረ፣ ቨርጂኒያ ቀረ። እኛ ጋ ማንም በር አያንኳኳም። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ቆሟል፣ ያሉት ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት፣ እያረጁ። ስለዚህ ደብዳቤውን ራሳችሁ ሂዱበት።

ሊብሬያችሁን አውጡ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ፈልጉ፣ 17 ፊደልና ቁጥር ነው፣ መኪናው ላይ ካለው ጋር አመሳክሩት። በጄ ከጀመረ ጃፓን ነው የተሠራው፣ ያሪስ ሆኖ በቪ ከጀመረ ፈረንሳይ፣ ኮሮላ ሆኖ በኤን ከጀመረ ቱርክ። ለአሜሪካ የተሸጠ መኪና ከሆነ የአሜሪካው የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረገጽ ላይ አስገቡት፣ ማስተካከያው እዛ በነፃ ነው። የዱባይና የአውሮፓ መኪና ግን እዛ አስገብታችሁ ምንም አልመጣም ብላችሁ እንዳትደሰቱ፣ ያ ድረገጽ አያውቃቸውም፣ መኪናው የተሸጠበት አገር የካምፓኒው ገጽ ላይ ነው የሚታየው። አዲስ አበባ ያላችሁ ቶዮታ ከሆነ ቁጥሩን ይዛችሁ የቶዮታ ወኪሉ ሞኤንኮ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ።

የ2001 እስከ 2003 አንዳንድ ሆንዳና አኩራ ያላችሁ ግን አትንዱት፣ እነዛ ላይ የመሰባበር ዕድሉ እስከ 50 በመቶ ነው የተባለው። ቶዮታም 2024 ጥር ላይ ወደ 50,000 የሚሆኑ የድሮ ኮሮላ፣ ማትሪክስና ራቭ ፎር አሜሪካ ውስጥ አትንዷቸው ብሏል። ሪኮሉ የተሳፋሪ በኩል ብቻ ከሆነ እስኪሠራ ድረስ ከፊት ሰው አታስቀምጡ። እና እባካችሁ ቤት ውስጥ በካቻቪቴ አትንቀሉት፣ እጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁም ያገለገለ ኤርባግ አትግዙ፣ ሻጩም ውስጡን አያውቀውም፣ ከአንዱ ታካታ ወደ ሌላ ታካታ ልትሄዱ ትችላላችሁ።

ቁጥራችሁን ኮመንት ላይ እንዳትጽፉት፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። የመኪናውን ዓይነት፣ ዓመቱንና የመጣበትን አገር ብቻ ጻፉልኝ፣ የት እንደምታዩት አንድ በአንድ እመልሳለሁ፣ ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ነው የምመልሰው። ቀበቶው ሳምንት ነው፣ ያኛውን ኮሮላ ቀበቶም ፈትተነዋል፣ እሱንም አሳያችኋለሁ።