መቆጣጠሪያውን እናስይዛቸው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ መምህራንና ወላጆች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ወደ ሪፖርቱ ሳንገባ አንዲት ቅዳሜ ላስታውሳችሁ። ልጆች ሮቦት እየሠሩ ስለ ኒውክሌርና ስለ ጨረር ወደሚማሩበት ክፍላችን አንዲት እናት ልጃቸውን ሊያደርሱ መጥተው እዚያው ቀሩ። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን አወጡ። ታናሽ እህታቸው ጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና ትከታተላለች። «ቤት ስትገባ ልጆቹን እናርቃለን፤ ብርጭቆዋንም ለይተናል። ጨረሩ ይጋባ ይሆን?» አሉን።

ሕክምናው ከውጭ በማሽን የሚሰጥ መሆኑን ጠይቀን አረጋገጥን። ከዚያ መቆጣጠሪያውን አስያዝናቸው። ተማሪዎቻችን የሠሯት ሮቦት መኪና ሁለት ሞተር፣ ባትሪና ፊቷ ላይ ብርሃን የሚለካ ሴንሰር አላት። ክፍሉን አጨለምን። የጨረር ምንጭ ምሳሌ እንዲሆን ጥግ ላይ አንድ አምፖል አበራን። መኪናዋ ስትጠጋ ሴንሰሩ የሚያሳየው ቁጥር ያሻቅባል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ደጋግመው ነዷት። በመጨረሻ አምፖሉን አጠፋንና «አሁን መኪናዋ ራሷ ታበራለች?» አልናቸው። ዝም ብለው አዩዋት። «አታበራም» አሉ፣ ቀስ ብለው። የማሽኑም ጨረር እንዲሁ ነው፤ ሕክምናው ሲያበቃ ሰውነቷ ውስጥ የሚቀር፣ ወደ ልጆቹ የሚሄድ ጨረር የለም። የሚዋጥ ወይም ሰውነት ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት ግን የራሱ ጥንቃቄ አለው፤ እሱን ሐኪሙ ይነግራል። ይህንንም አልደበቅናቸውም።

ያቺ ብርጭቆ እስከዛሬ ከሐሳቤ አልወጣችም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ሮቦቱ ልጆች መሳቢያ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ኒውክሌር ያለበት ቦታ ሮቦት የሚገባው ሰው መግባት ስለማይችል ነው። በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በፈነዳው የቼርኖቤል የኒውክሌር ማመንጫ ጣሪያ ላይ የወጡት ሮቦቶች ሥራ ሲያቆሙ፣ ወታደሮች አካፋ ይዘው ተተኩ። አንዱ ሰው እዚያ የሚቆየው ለደቂቃ ወይም ለሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 አደጋ የደረሰበት የጃፓኑ ፉኩሺማ የኒውክሌር ማመንጫ ውስጥ 880 ቶን ገደማ የቀለጠ ነዳጅ አለ ተብሎ ይገመታል። የመጀመሪያው ናሙና የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፣ እሱም ከአንድ ግራም ያነሰ ፍርፋሪ። መኪናዋን ነድቶ ቁጥሩ ሲዘል ያየ ልጅ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንደፈጀ የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም።

ግማሽ ዕድሜንም፣ ማለትም ጨረር የሚያወጣ ነገር በግማሽ እስኪቀንስ የሚፈጀውን ጊዜ፣ በሳንቲም እናስተምራለን። መቶ ሳንቲም ይበተናል፤ ጎፈር የወጣው ይነሣል፤ የቀረው እንደገና ይበተናል። በየዙሩ ግማሽ ገደማ ይቀራል፤ የትኛው ሳንቲም እንደሚወጣ ግን ማንም አያውቅም። ለካንሰር ሕክምና የሚውለው የጨረር ምንጭ፣ ኮባልት 60፣ አንድ ዙሩ 5.27 ዓመት ነው። ለዚህ ነው ምንጩ ሲያረጅ የሕክምናው ደቂቃ የሚረዝመው።

ዘንድሮ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። መኪናዋ ላይ እውነተኛ የጋይገር ቆጣሪ፣ ጨረር ሲያገኘው ጠቅ የሚል መሣሪያ፣ እንግጠምላት። ምንጩን ከሩቅ አንፈልግም፤ በዳሎል አካባቢ የሚገኘው ዓይነት፣ ፖታሲየም ያለበት የፖታሽ ጨው ይበቃል። ከ10,000 የፖታሲየም አቶሞች አንዱ ገደማ ሬዲዮአክቲቭ ነው፤ ማለትም ራሱ ጨረር ያወጣል። በሙዝም፣ በእኛም ሰውነት ውስጥ አለ። ሰው ይህን በጆሮው ጠቅ ጠቅ ሲል ይስማው።

በጀቱን ከሰዓት በኋላ እንነጋገርበታለን። መኪናዋ ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ናት፣ ባትሪዋም ተሞልቷል። በሻይ ሰዓት ንዷት። ጉባኤያችን ተከፍቷል።