ካሜራውን ዝቅ አድርጉልኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ፖስተር ነው። እኛን አካል ጉዳተኞችን እያሳየ በየግድግዳው ስለሚለጠፈው ወረቀት።

አዲስ ለሆናችሁ አድማጮች ልንገራችሁ፤ ልጅ ሆኜ ፖሊዮ ይዞኝ ነበር። የምንቀሳቀሰው በክራንች ነው፤ መንገዱ ረዘም ሲል በዊልቸር።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ድርጅት ለዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን ፖስተር ልናሠራ ነው ብሎ ጠራኝ። ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ላፕቶፔ ጭኔ ላይ ነው፤ ቀይ ሊፕስቲክ ተቀብቻለሁ። ፎቶ አንሺው ትሑት ልጅ ነው፣ ክፋት አላየሁበትም። መጀመሪያ ላፕቶፑን ከጭኔ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ቀጥሎ ሶፍት ሰጠኝና "ሊፕስቲኩን ቀነስ ብታደርጊው" አለኝ። ከዚያ በርጩማ ላይ ወጣና "ወደ እኔ ቀና በዪ፣ ግን አትሳቂ" አለ። "ካሜራውን ለምን ዝቅ አታደርገውም? በዓይኔ ልክ አድርገው" አልኩት። ዞሮ አስተባባሪዋን አየ። እሷም "እህቴ፣ የሚያየው ሰው ልቡ እንዲነካ ብለን እኮ ነው" አለችኝ። ላፕቶፔን ተቀብዬ ወጣሁ።

ያ ልጅ በርጩማ ላይ መውጣቱን ከራሱ አላመጣውም፤ ረጅም ታሪክ አለው። የውጭውን ታሪክ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1938 የመሠረቱት፣ ፖሊዮን የሚዋጋ፣ በኋላ ማርች ኦፍ ዳይምስ የተባለ ድርጅት አለ። ሩዝቬልት ራሳቸው በፖሊዮ ምክንያት ዊልቸር ይጠቀሙ ነበር፤ ዊልቸር ላይ ሆነው የተነሱት ፎቶ ግን ጥቂት ነው፣ ሕዝብ እንዲያይ አይፈልጉም ነበር። የድርጅቱ ፖስተሮች ግን በብረት ድጋፍ የቆሙ ሕፃናትን እያሳዩ ገንዘብ ሰበሰቡ። በ1946 የወጣው ፖስተር ላይ አንድ ትንሽ ልጅ በአንድ በኩል ድጋፍ ታስሮለት ይታያል፤ በሌላ በኩል ያው ልጅ ድኖ እየሄደ ነው።

ገንዘቡ ከንቱ አልቀረም። በ1955 ይፋ የሆነው የሶልክ ክትባት የተሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። ክትባቱን የሚያጣጥል ቃል ከእኔ አትሰሙም፤ በጊዜው ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሌላ እግር በሄድኩ ነበር። ነገር ግን ሲንዲ ጆንስን እዩልኝ። ፖሊዮ የያዛት የሴንት ሉዊስ ልጅ ናት፤ ሕፃን ሆና ለእነዚህ ፖስተሮች ፎቶ ትነሳ ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ ክትባት የሚናገር ወረቀት ታደለ። ወረቀቱ ላይ የእሷ ፎቶ አለ፣ ከነክራንቿ፤ አብሮትም "እንዲህ አይደለም" የሚል ጽሑፍ። አጠገቡ የሁለት ጤነኛ ልጆች ፎቶ፣ "እንዲህ ነው" ከሚል ጽሑፍ ጋር። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ክፍሉ በሙሉ ያንን ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። አድጋ የአካል ጉዳተኞች መጽሔት አሳታሚ ሆነች፤ እነዚያን ፖስተሮች ፊት ለፊት ከተቹት አንዷ ናት።

እኔን የሚያስቆጣኝ ይሄ ነው። ያ ፖስተር ለአንድ ሕፃን ክትባት ሲለምን፣ ሌላዋን ሕፃን የጥፋት ምሳሌ አድርጎ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካዊው ኤድ ሮበርትስ ልውሰዳችሁ። በ1953፣ በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ያዘው። ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አቃተው፤ መተንፈሻው የብረት ሳንባ የሚባለው ማሽን ሆነ። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ትምህርት ቤቱ ዲፕሎማ አልሰጥም አለው። ምክንያቱን ስሙ፤ ስፖርትና የመኪና መንዳት ትምህርት አልወሰድክም ተብሎ! እናቱ ተሟግታ አስመለሰችለት። የካሊፎርኒያ የተሃድሶ መሥሪያ ቤት ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ ሥራ ሊሠራ አይችልም ብሎ ገምቶት ነበር። በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ማሽኑን የሚችል ዶርም ስላልነበረ የግቢው ሆስፒታል ውስጥ ነበር የሚኖረው። በ1972 እሱና ጓደኞቹ ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ብለው አንድ ድርጅት በርክሌይ ላይ ከፈቱ። በ1975 ደግሞ አይችልም ያለው የዚያ መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ።

ስለ እሱ ሳወራ ብዙ ሰው የሚለኝ ነገር አለ፦ "ራስን ችሎ መኖር የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ተደጋግፈን የምንኖር ሰዎች ነን።" ኤድ ሮበርትስ ግን አንድም ቀን ብቻውን አልኖረም። የሚያለብሰው፣ የሚያጎርሰው፣ ከአልጋ የሚያነሳው ሰው ነበረው። ልዩነቱ ያንን ሰው የሚመርጠው እሱ መሆኑ ነው። መቼ እንደሚነሳ፣ ምን እንደሚበላ፣ ማን ቤቱ እንደሚመጣ የሚወስነው እሱ ነው። እኔ በዚህ ውስጥ ባህላችንን የሚቃወም ነገር አላይም። እናቴ ቤት ሁሌ ሰው ነበር፤ ድጋፍ አላጣሁም። ያጣሁት "አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?" የሚለኝ ሰው ነበር።

እዚያው አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ላይም ከአረጋውያን መጦሪያ ወጥተው በራሳቸው ቤት መኖር የጀመሩ ወጣቶች ነበሩ። አውቶቡሱ ግን አይጭናቸውም። በ1978 ጁላይ 5 ቀን 19 ሆነው መንገድ ላይ አውቶቡሶቹን በዊልቸር ከበው አቆሙ፤ እዚያው አደሩ። ከዚያ ትግል የተወለደው አዳፕት የተባለ ድርጅት ዓርማው ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ሰውየው ሰንሰለቱን ከራሱ በላይ በሁለት እጁ ሲበጥስ ይታያል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ1990 እና በ1992 አካል ጉዳተኞች የለንደኑን የቴሌቪዥን የልመና ፕሮግራም ደጃፍ ሞሉት። ቲሸርታቸው ላይ አዘኔታን የሚያዋርድ፣ እዚህ የማልደግመው ጸያፍ ቃል ነበር። ከ1992 በኋላ ፕሮግራሙ አልተመለሰም።

በአካል ጉዳተኝነት መኩራት ሲባል ደንገጥ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። "በዚህ ደግሞ ምን ያኮራል?" ትሉ ይሆናል። እኔ ያደግኩበት ሰፈር እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያወራም። እርግማን ነው ይባላል፣ የእህቶቹ ትዳር ይበላሻል ይባላል። ዛሬም እኔ ታክሲ ስጠብቅ አላፊ አግዳሚው እጄ ላይ ብር ያስቀምጥልኛል፤ ደሞዝ ተቀብዬ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ማለት ነው። ስመልስላቸው ይቆጣሉ። እንግዲህ ኩራት የምለው ጓዳ አልገባም ማለትን ነው። ፖስተር ደግሞ አደባባይ ላይ የሚቆም ነገር ስለሆነ፣ ለዚህ ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ሕጉ እኮ አለን፤ የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ሥራ ላይ አድልዎ እንዳይደረግብን ይከለክላል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቀናል፤ የስምምነቱ አንቀጽ 19 በማኅበረሰቡ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሰው መርጠን እንድንኖር ነው የሚለው። የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ አንቀጽ 36 ደግሞ ዊልቸር የሚጠቀመውን ብቻ ሳይሆን መራመድ እየቻለ ደረጃ መውጣት የሚያቅተውንም ይጠቅሳል። እኔን ማለት ነው። መጸዳጃ ቤት ያለበት ሕንፃ ለእኛ የሚሆን መጸዳጃም ይኑረው ይላል።

እኔ ሥራ ቦታ ጠዋት ሻይ አልጠጣም። መጸዳጃው ያለው ደረጃ ወጥቶ ነው፤ ስለዚህ እስከ ምሳ ሰዓት ከንፈሬን ማርጠብ እንኳ እፈራለሁ። ይህን የሰማች አንዲት ዲዛይነር ጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን ፖስተር ሠራን። የእኔ ፊት የለበትም። አንድ ብርጭቆ ሻይ አለ፣ ሙሉ፣ እንፋሎቱ የሚታይ። ከሥሩ "ይህን ሻይ የማልጠጣው ጾም ይዤ አይደለም። ሕንፃው እኔ የምገባበት መጸዳጃ ስለሌለው ነው። አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ አንቀጽ 36" ይላል። ዝቅተኛ እይታ ያላቸው ጓደኞቻችን እንዲያነቡት ፊደሉን ትልቅና ጥቁር፣ መደቡን ቢጫ አደረግነው። ማየት ለተሳናቸው ደግሞ ጽሑፉን በድምፅ ቀድቼ በቴሌግራም ልኬላቸዋለሁ፣ ሥዕሉንም ገልጬ። የምንሰቅለው ዊልቸር ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ነው። ቆመው የሚያነቡት ትንሽ ጎንበስ ይላሉ።

የሕንፃ አስተዳዳሪ የሆናችሁ፣ ወይም መግቢያችሁ ላይ ቦታ የምታስፈቅዱልኝ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ወረቀቱንም ማጣበቂያውንም ይዤ እመጣለሁ። መግቢያው ደረጃ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ያኔ ፖስተሩን ውጭ በሩ ላይ እንለጥፈዋለን። ደህና ሁኑ።