ሰርቨሩ አልተቃጠለም

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ውድ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሰርቨር ጥገና በጥቅሉ እንድናገር ነው የጠየቁኝ። ጥቅሉን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው፤ ፕሮሰሰር ተቀይሮለት ዓመታት ሊሠራ የሚችል ሰርቨር ወደ ንብረት ማስወገጃ መሄዱ ይብቃ ልል ነው።

ዴል አር730 የተባለውን ሰርቨር ከመካከላችን ያልነካው ያለ አይመስለኝም። ሁለት ኢ5-2620 ቪ3 የሚባሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይዞ የመጣ ከሆነ በጠቅላላ 12 ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚሠሩ 12 ክፍሎች፣ አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀጣዩ ትውልድ ኢ5-2680 ቪ4 ደግሞ ብቻውን 14 ኮር ነው፤ የሚገባውም እዚያው ሶኬት ላይ ነው። ሁለቱንም ቀይሩ፣ 28 ኮር። ሳጥኑም ዲስኩም ራሙም ባለበት።

አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ ይህንኑ ሞከረ። ፕሮሰሰሮቹን ቀየሩ፣ አበሩ። ፋኑ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ነቀሉ፣ አጸዱ፣ መለሱ። ያው ነው። ራሙን አቀያየሩ። ያው ነው። ስብሰባ ተጠራ፤ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ "ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል" ተባለ። ቃለ ጉባኤ አንዴ ከተፈረመ ደግሞ ታውቃላችሁ። ሰርቨሩ ስቶር ገብቶ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። እኔ ለሌላ ሥራ ሄጄ አየሁት። የድሮዎቹን ፕሮሰሰሮች አስፈልጌ መለስኳቸው። ተነሣ! ባዮሱ፣ ማለትም ሰርቨሩ ሲበራ የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ቪ4 ሳይወጣ የተጻፈ ነበር፤ አዲሶቹን ከየት ይወቃቸው? ባዮሱን አዘመንኩ፣ ቪ4ቹን ገጠምኩ፣ አለቀ። ሰርቨሩ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በንብረት መዝገብ ግን እስካሁን እንደተቃጠለ ነው።

ስለዚህ ባዮስ የሚዘመነው የድሮው ፕሮሰሰር ገና ሳይነቀል ነው። ሳይነቀል!

አሁን ወደ ግዢ ኮሚቴዎች ልምጣ። አዲስ ሰርቨር ሲባል ጨረታው ይወጣል፣ ወራት ይጠበቃል፣ ማንም አያጉረመርምም። ሁለት ፕሮሰሰር ስንጠይቅ ግን "ቋሚ ንብረት ነው ወይስ አላቂ?" ተብሎ ወረቀታችን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይንከራተታል። ባለጉዳዩ "ሲስተም የለም" እየተባለ የሚመላለሰው እናንተ መደቡን እስክትወስኑ ነው እንዴ?

ሁሌ ጥፋቱ የፕሮሰሰር ነው አላልኩም። መጀመሪያ ለኩ። የዘገየው ዲስኩ ከሆነ ኮር መጨመር ምንም አያመጣም።

የቀረውን በአጭሩ። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች አንድ ዓይነት ይሁኑ። ፒኖቹ ያሉት ሶኬቱ ላይ ስለሆነ በጣት አትንኳቸው። ሙቀት የሚያስተላልፈውን የድሮ ፔስት ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ። 85 ዋት የነበረው 120 ይሆናልና ሂት ሲንኩ፣ ማለትም ሙቀቱን የሚያወጣው ብረት፣ መቻሉን እዩ። የሶፍትዌር ላይሰንሳችሁ በኮር የሚከፈል ከሆነም ፋይናንስን ቀድማችሁ አማክሩ።

ኃላፊዎቻችን እዚሁ ስላላችሁ ጥያቄዬን ላቅርብ። ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ዕቅድ ስታዘጋጁ የሰርቨር መለዋወጫ የሚል መደብ አስገቡልን። የሚያስፈልገውን ዝርዝር እኛ እናመጣለን።

አመሰግናለሁ።