ጥርስን ደግፎ የያዘው ምንድን ነው?

[ምስል፦ ለሁለት የተከፈለ መንጋጋ ጥርስ]

ባቲ ሰኞ ገበያ ወጥታችሁ የወይራ መፋቂያ ስትመርጡ፣ ሐሳባችሁ ነጩ ላይ ነው። ጥርሱ ይንጣ እንጂ! ዛሬ ግን ከነጩ ወደ ታች እንውረድ።

ነጩ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። ከሰውነታችን እሱን የሚያህል ጠንካራ ነገር የለም። ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ሕያው ሕዋስ ስለሌለው ግን አንዴ ከተሸረፈ መልሶ አይበቅልም። ባቄላ ቆሎ የምትቆረጥሙ፣ አደራ! ከሥሩ ያለው ዴንቲን በዓይን የማይታዩ ቱቦዎች አሉት። ኢናሜሉ ሲሳሳ ወይም ድዱ ሲሸሽ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚነዝረን በእነሱ በኩል ነው። መሃል ላይ ነርቭና የደም ሥር አለ።

[ምስል፦ ሥሩ፣ አጥንቱና ድዱ]

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ ይመስለናል። አይደለም። በመሃላቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ክፍተት አለ። እሱን የሞሉት ክሮች አንድ ጫፋቸው ሥሩን፣ ሌላው አጥንቱን ይዟል። የጠፍር አልጋ አስቡ፤ ሲተኙበት ትንሽ ይረግባል፣ ግን ይሸከማል። ክሮቹ መካከል ነርቭም አለ። ቆሎ ውስጥ ጠጠር ስታጋጥማችሁ መንጋጋችሁ ወዲያው ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ከላይ የሚሸፍነው ድድ ነው። በድዱ ጠርዝና በጥርሱ መካከል ጠባብ ስንጥቅ አለ፤ ጤነኛ ከሆነ ጥልቀቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ቆሻሻ እዚያ ሲከርም ድድ ያብጣል፣ ይደማል። ብዙ ሰው ታዲያ «ደማብኝ» ብሎ መፋቁን ይተዋል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። መተው ያብሰዋል እንጂ አያድነውም። ድዱ ብቻ ከታመመ ይድናል። ሕመሙ ወደ ክሮቹና ወደ አጥንቱ ከወረደ ግን የተበላው አጥንት በራሱ አይመለስም። ምንም ያልተቦረቦረ ጥርስ ተነቃንቆ የሚወልቀው እንዲህ ነው።

ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶቻችን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ቀለሙ ሥር ገብቶ ስለሚቀር የድዱን መቅላት ሊሸፍነው ይችላል። እነሱ ደሙንና እብጠቱን ይከታተሉ።

[ምስል፦ የመፋቂያ አጠቃቀም]

የመፋቂያውን ጫፍ አኝካችሁ አለስልሱት። ከድዱ ጠርዝ ጀምራችሁ ወደ ጥርሱ ጫፍ፣ ቀስ ብላችሁ ፋቁ። መድማቱ በሁለት ሳምንት ካልቆመ ወይም ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ።