«ሳንባው ውሃ ቋጥሯል» ሲባል ውሃው የት ነው?

(ምስል፦ ሁለት መስታወቶች፣ በመሃላቸው ጠብታ ውሃ)

ሁለት መስታወት ወስዳችሁ መሃላቸው ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ። አንዱ በሌላው ላይ ሙልጭ እያለ ይንሸራተታል። ላላቅቃቸው ስትሉ ግን እምቢ ይላሉ። ሳንባና ደረትም የተያያዙት እንደዚሁ ነው። አንድ ስስ ሽፋን ሳንባውን ያለብሰዋል፤ ሌላው የደረትን ግድግዳ ከውስጥ። በመሃላቸው ያለው ፈሳሽ ጤነኛ ሰው ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው።

የሳንባ ምች የያዘው ሰው «ሳንባው ውሃ ቋጥሯል» ሲባል ብዙዎቻችን ሳንባው ውስጥ ውሃ የገባ ይመስለናል። አይደለም። የሚጠራቀመው ከሳንባው ውጪ፣ እዚህ መሃል ነው።

(ምስል፦ ሽፋኖቹ በፈሳሽ ሲራራቁ)

ሳንባ ሲቆጣ አጠገቡ ያለው ሽፋንም ይቆጣል፤ ትንንሾቹ ደም ስሮች ፈሳሽ ማሳለፍ ያበዛሉ። መጀመሪያ ላይ ፈሳሹ ቀጭን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሳንባ ምቹ ሲታከም አብሮ ይጠፋል። ጀርሞቹ እዚያ ከሰፈሩ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ፈሳሹ ይወፍራል፣ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያደራል፣ መግል ይሆናል። መድኃኒት ደግሞ ደም እንደ ልብ የማይደርስበት የመግል ቋት ውስጥ ገብቶ ብቻውን አያጸዳውም። ሲቆይ ድሩ ይጠነክርና ሳንባውን ጠፍሮ ይይዘዋል።

ስለዚህ አንቲባዮቲክ ከጀመረ ሁለት ሦስት ቀን አልፎት ትኩሳቱ አልለቅ ያለው ሰው ተመልሶ ይታይ። ትንፋሽ ማጠርና ሲተነፍሱ ጎን መውጋትም አለ። ውጋቱ ቀለል አለ ብላችሁ ግን አትዘናጉ፤ ፈሳሹ ሲበዛ ሽፋኖቹ መፋተግ ስለሚያቆሙ ሕመሙ ሊቀንስ ይችላል።

(ድምፅ፦ ጀርባ ላይ በጣት ሲንኳኳ)

ሐኪሙ ጀርባችሁን የሚያንኳኳው ለዚህ ነው። አየር ያለበት ቦታ ባዶ በርሜል ይመስላል፤ ፈሳሽ ያለበት ድፍን ይላል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1761 በጽሑፍ ያወጣው የቪየናው ሐኪም ሊዮፖልድ አወንብሩገር ነው። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ስለነበር ከወይን በርሜል ተማረው ይባላል።

ከዚያ ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ይከተላል፤ ካስፈለገም መርፌ። ታማሚው ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ይደገፋል፣ ቦታው ይደነዝዛል። መርፌው የሚገባው በጎድን አጥንቱ የላይኛው ጠርዝ በኩል ነው፤ ከሥሩ ደም ስርና ነርቭ ስለሚያልፍ። የገለባ ቀለም ያለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ከወጣ ተስፋ ይሰጣል። መግል ከሆነ፣ ወይም በላቦራቶሪ የአሲድነት መለኪያው ከ7.2 በታች ከወረደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦ ይገባል።

(ምስል፦ አልጋ ሥር ያለ ጠርሙስ)

የቱቦው ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ባለው ውሃ የተነከረው አየር ወደ ደረት ተመልሶ እንዳይገባ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በየትንፋሹ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀጥ ካለ ወይ ሳንባው በደንብ ተዘርግቷል፣ ወይ ቱቦው ተደፍኗል። ነርሷ በየጊዜው ጎንበስ እያለች የምታየው እሱን ነው።