ጸሎታችንን በዐቢይ ጾም እንዴት እናድስ? በዘወረደ እሑድ ለምእመናን የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ።

ከነገ ሰኞ ጀምሮ 55 ቀን እንጾማለን። ለማዕዱ ተዘጋጅተናል፤ ሽሮው ተፈጭቷል፣ ተልባው ተቆልቷል። ጸሎቱስ በስንት ሰዓት ይሆናል? የት ቆመን?

በጾም የተጀመረ ጸሎት ቶሎ የሚቋረጠው በአብዛኛው ከአቅም በላይ ስለሚጀመር ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳይጸልይ የከረመ ሰው በመጀመሪያው ሰኞ ሰባቱንም የጸሎት ጊዜያት ልጠብቅ ይላል። ሌሊት ይነሣል፣ ከዳዊት ሦስት ንጉሥ፣ ማለትም 30 መዝሙር፣ ይደግማል። በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅድስት ላይ፣ ይደክማል፤ ሦስተኛው፣ ምኩራብ፣ ሲደርስ ዳዊቱ ተከድኖ ይቀመጣል። ስለዚህ በሁለት ጊዜ ጀምሩ፦ በነግህ፣ ማለትም ጠዋት፣ እና እህል ከመቅመሳችሁ በፊት። ከምግብ በኋላ የተባለ ጸሎት በእንቅልፍ ይሸነፋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ጸሎታችሁ ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን አሳልፎ ከሰጠበት ሰዓት ጋር ይገጥማል።

ጠዋት ፊታችሁን ታጥባችሁ ወደ ምሥራቅ ቁሙ፤ አማትቡ። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከዳዊት አንድ መዝሙር፤ ለጀማሪ ይህ በቂ ነው። በሁለተኛው ጸሎት መዝሙር 50ን ጨምሩበት፤ የንስሐ ጸሎት ነውና። ለጾሙ እኩሌታ፣ ለደብረ ዘይት፣ ሳታጓድሉ ከደረሳችሁ የቀትሩን ጸሎት ጨምሩ። የዳዊት የሳምንት ክፍፍል፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ የሚሄደው፣ ለለመዱት ነው፤ አትቸኩሉበት።

ግእዙን እየደገማችሁ ትርጉሙ የማይገባችሁ ከሆነ ያንኑ መዝሙር አስቀድማችሁ በአማርኛ አንብቡት። ከስልክ ላይ አትጸልዩ፤ መልእክት በገባ ቁጥር ልብ ይሸሻል። አምስት ደቂቃ በማስተዋል የቆመ ሰው አንድ ሰዓት አፉ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ሰው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ እንደ ዕዳ አትደራርቡት፤ የዕለቱን ብቻ ጸልዩ።

ስግደት የንስሐ አባታችሁ በሰጧችሁ ልክ ይሁን። ቅዳሜና እሑድ አይሰገድም። የታመመ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም የንስሐ አባቷን ትጠይቅ፤ በራስ ፈቃድ የተጨመረ ስግደት ጉልበት አድክሞ ጸሎትንም ያስተጓጉላል።

በአረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠሩ፣ በውጭም በሌሊት ፈረቃ ለምትሠሩ ልጆቻችን፦ ቆማችሁ ድምፅ ማሰማት ካልቻላችሁ በልባችሁ ጸልዩ። ሰዓታችሁንም ከእንቅልፋችሁ ጋር አስተሳስሩት፤ ስትነቁ ነግህ ይሁንላችሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቂም ነው። ጌታ «ለጸሎትም በቆማችሁ ጊዜ... ይቅር በሉት» ብሏል። ተቀይማችሁ ከሆነ በዚህ ሳምንት ሂዱና ታረቁ፤ ስልክ ደውሉ፣ ሽማግሌ ላኩ። ጸሎቴ አልያዝ አለኝ የሚል ብዙ ሰው ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻም ንስሐችሁን ለሰሙነ ሕማማት አታቆዩ። በዚያ ሳምንት ኑዛዜ አይሰጥም፣ ፍትሐት አይደረግም፣ መስቀል አንሳለምም። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ዛሬ ቀን ቁረጡ፤ ሰባተኛው፣ የኒቆዲሞስ ሳምንት፣ ሳያልፍ ተናዘዙ።

እግዚአብሔር በሰላም ያስፈጽመን።