በረዶ ላይ የተተከለ የወሰን ድንጋይ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣

እንኳን በሰላም መጣችሁ። ይህን ቃል ዘንድሮ ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከቡሬ ተነስታችሁ ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ስንቶቻችሁ መንገድ እስኪከፈት እንደጠበቃችሁ አውቃለሁ። ያልደረሱም አሉ። ወንበራቸውን አላነሳነውም።

የዘንድሮው ርዕሳችን በምድር ዋልታዎች ላይ ያለው የይገባኛል ሙግትና የጦር ዝግጅት ነው። ደብዳቤው እንደደረሳችሁ ስልኬ አላረፈም። አንድ የድሮ ጓደኛዬ «ሰውዬ፣ የጮቄ ብርድ መች አነሰንና ነው ሌላ ብርድ የምትጠራብን?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን የጂኦግራፊና የታሪክ መምህራን ነን። ድንበር እንዴት እንደሚፈጠር ማየት የፈለገ፣ ገበሬ በሌለበት መሬት ላይ ቢያየው ይጠራለታል።

ይህን ሉል ተመልከቱልኝ። ከትምህርት ቤት መጋዘን ነው ያመጣሁት። ከታች ያለው ብሎን አንታርክቲካን በስቶ ገብቷል። የላይኛው ጫፍ በተማሪ ጣት ተፍቆ ምንም አይነበብበትም። እኔም ስንት ዓመት ሳስተምር ሁለቱን ቦታዎች «በረዶ ነው» ብዬ ነው ያለፍኳቸው። ተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝ።

በረዶ መሆናቸው እንጂ ሌላው ነገራቸው አይገናኝም። ሰሜኑ ባሕር ነው፤ አገሮች ከበውታል። ደቡቡ መሬት ነው፤ ባሕር ከቦታል። ስፋቱ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአገራችን 12 እጥፍ በላይ። ከደቡቡ ልጀምር፤ ለእኛ ቶሎ የሚገባን እሱ ነው።

አንታርክቲካን «የእኔ ነው» የሚሉ ሰባት አገሮች አሉ፦ አርጀንቲና፣ አውስትራሊያ፣ ቺሊ፣ ፈረንሳይ፣ ኒውዚላንድ፣ ኖርዌይና እንግሊዝ። ካርታው ላይ ስታዩት እንደ ድፎ ዳቦ ነው። ከመሐሉ ተነስቶ ወደ ዳር እየሰፋ የተቆረሰ። አውስትራሊያ ብቻዋን 42 በመቶውን ትላለች። ጣጣው ያለው አርጀንቲና፣ ቺሊና እንግሊዝ አንዱን ቁራሽ ሦስት ሆነው የያዙት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የአርጀንቲና ወታደሮች እዚያ ሊያርፉ በመጡ እንግሊዞች ራስ በላይ መትረየስ ተኩሰዋል። (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በ1978 ደግሞ አርጀንቲና ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ጦር ሰፈሯ ላከች። ኤሚሊዮ ፓልማ ተወለደ። በዚያ አህጉር ላይ መወለዱ የታወቀ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ቺሊም አላረፈችም። ቤተሰብ የሚኖርበት መንደር ቆረቆረች፤ ትምህርት ቤትና ፖስታ ቤት ጭምር።

ለጎጃም ሰው ይህ ምን አዲስ ነገር አለው? አጎቴ ከጎረቤቱ ጋር በአንዲት ቀጭን መሬት ዕድሜ ልኩን ተሟግቷል። በየክረምቱ አንዱ አንድ ፈር ይገፋል። በዓመቱ ሌላው አንድ ፈር ይመልሳል። ድንጋዩ ሌሊት ቦታ ይቀይራል። ያ ሕፃን፣ ያ ፖስታ ቤት፣ ያው ፈር ነው። «አርሼዋለሁና የእኔ ነው» ለማለት።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ። ማን ትክክል እንደሆነ ግን አልተናገሩም። «ሁለታችሁም አትረሱት። ሣሩን በጋራ እጨዱ። ነገሩ ይደር» አሏቸው። አጎቴ መጀመሪያ በጣም ተናደደ። ፍርድ ነበር የፈለገው። ያ ይደር ግን እሱ እስኪሞት ድረስ አደረ። ደም አልፈሰሰበትም።

የ1959ኙ የአንታርክቲካ ስምምነት ልክ እንደዚህ ነው። ዋሽንግተን ላይ 12 አገሮች ፈረሙት። ቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ሰዓት አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ጎን ለጎን። ከአፍሪካ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት፤ ያውም የአፓርታይዱ መንግሥት። አንቀጽ 4ን ለተማሪዎቻችሁ አንብቡላቸው። የማንንም ጥያቄ አይቀበልም፤ የማንንም አይሽርም። ውሉ በሥራ ላይ እያለ የሚሠራ ምንም ነገር ጥያቄን አያጠናክርም። አዲስ ጥያቄም አይነሳም። ይደር ማለት ይህ ነው። የጦር ሰፈር፣ የጦር ልምምድና የመሣሪያ ሙከራ ክልክል ነው። ወታደር ሳይንሱን ለመርዳት መግባት ይችላል። ቁልፉ ያለው ግን አንቀጽ 7 ላይ ይመስለኛል። ድምፅ ያላቸው አባል አገሮች ታዛቢያቸውን በፈለጉት ጊዜ ወደ ማንኛውም ጣቢያ መላክ ይችላሉ። በር አይዘጋባቸውም።

በ1991 ማድሪድ ላይ የማዕድን ቁፋሮም ተከለከለ። አንድ ነገር ላርም። «በ2048 ክልከላው ያበቃል» የሚባል ወሬ በስልካችን ይዞራል። አያበቃም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ አንድ አባል «እንደገና እንየው» ብሎ ጉባኤ መጥራት ይችላል፤ ይኸው ነው። በፈተና ላይ እንዳታወጡት።

ደቡቡ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። የአየር ጠባይ ሳተላይት የሚከታተል ዲሽ የጦር ሳተላይትም ሊከታተል ይችላል። ቻይና በ2024 አምስተኛ ጣቢያዋን ስትከፍት ምዕራባውያኑ ያጉረመረሙት ለዚህ ነው። የእነሱም ዲሽ ያው ዲሽ ነው፤ እሱን አያነሱትም። ታዛቢ ዲሹን ያያል እንጂ ውስጡ የሚያልፈውን አያይም።

ወደ ሰሜኑ እንሂድ። በ2007 ሩሲያውያን በሰርጓጅ ወርደው ሰሜን ዋልታ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ወለል ላይ የታይታኒየም ባንዲራ ተከሉ። ዓለም ተንጫጫ። የካናዳው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር 15ኛው ክፍለ ዘመን ላይ አይደለንም ብሎ ተሳለቀ። በሕግ ዓይን ባንዲራው ዋጋ የለውም። ሩሲያም ታውቀዋለች። ዋናውን ሥራ የምትሠራው በወረቀት ነው።

በ1982ቱ የባሕር ሕግ መሠረት አንድ የባሕር ዳርቻ ያለው አገር እስከ 200 የባሕር ማይል፣ ማለትም 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ሀብት ይጠቀማል። ከዚያ ያለፈውን የባሕር ወለል ከፈለገ፣ ወለሉ የራሱ መሬት ቅጥያ መሆኑን በሥነ ምድር ማስረጃ ያሳያል። የሰሜኑን ውቅያኖስ፣ አርክቲክን፣ አቋርጦ የሚያልፍ ሎሞኖሶቭ የሚባል የ1,800 ኪሎ ሜትር የባሕር ውስጥ ተራራ አለ። ሩሲያ በ2001፣ ዴንማርክ በግሪንላንድ በኩል በ2014፣ ካናዳ በ2019 ሰነድ አስገብተዋል። ሦስቱም «ተራራው የእኛ ጅራት ነው» ነው የሚሉት። ሰነዱን 21 ባለሙያዎች ይመረምራሉ። አስተያየት ይሰጣሉ እንጂ በተጋጩት መካከል አይፈርዱም። አሜሪካ ሕጉን እስከ ዛሬ አላጸደቀችም። እሷ ሌላ ታሪክ ናት።

ካናዳና ዴንማርክ ደግሞ ሐንስ በምትባል አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች ድንጋይ ደሴት ለዓመታት ተጨቃጭቀዋል። አንዱ ሄዶ ባንዲራና ውስኪ ያስቀምጣል። ሌላው ያነሳና የአገሩን መጠጥ ይተካል። እኛ ብንሆን አረቄው በማግስቱ ባልተገኘ ነበር። በ2022 ለሁለት ተካፈሏት።

እንግዲህ ወረቀቱ በወጉ ከሄደ፣ ጦሩ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ነው ጋዜጦቹ የሚያምታቱን። «በረዶው ቀለጠ፣ ነዳጅ ታየ፣ ጦር መጣ» ይሉናል። እኔ ግን የወሰኑ ሙግትና የጦሩ ክምችት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው ባይ ነኝ። ክር ያዙና ሉሉ ላይ ከኖቮሲቢርስክ እስከ ቺካጎ ወጥሩት። ክሩ በዋልታው አጠገብ ያልፋል። ሚሳኤልም በዚያው ነው የሚሄደው። የሩሲያ የሰሜን መርከብ ኃይል ኑክሌር የታጠቁ ሰርጓጆች በሰሜን ምዕራብ ሩሲያ ባለው ኮላ ልሳነ ምድር ላይ ናቸው። በወዲያኛው በኩል አሜሪካ በ1951 ከዴንማርክ ጋር በገባችው ውል ሰሜን ግሪንላንድ ላይ የምትጠብቅበት ጣቢያ አላት። ያኔ ቱሌ ነበር፤ አሁን ፒቱፊክ ይባላል። በ1968 አራት የሃይድሮጂን ቦምብ የጫነ አውሮፕላኗ እዚያው አቅራቢያ በረዶ ላይ ተከስክሷል። ያኔ ስለ በረዶ መቅለጥ የሚያወራ አልነበረም።

ግሪንላንድ ስፋቷ የአገራችንን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ነዋሪዋ 57,000 ገደማ ነው፤ ከአንድ ወረዳችን ያነሰ። አሜሪካ በ1946 በ100 ሚሊዮን ዶላር ወርቅ ልግዛት ብላለች። ትራምፕም በ2019 አንስቶት፣ ሲመለስ ደገመው። ባለቤቶቹን የጠየቀ የለም።

ሽማግሌውስ? በ1996 የተቋቋመው የአርክቲክ ምክር ቤት አለ፤ ስምንት አባላት። መመሥረቻ ሰነዱ ግን በግርጌ ማስታወሻ «የጦር ጉዳይን አይመለከትም» ይላል። በግርጌ ማስታወሻ! ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ኔቶ ሲገቡ፣ ከስምንቱ ሰባቱ በአንድ ወገን ሆኑ። አንዷ፣ ሩሲያ፣ በሌላ። በሰሜኑ የሚያሳስበኝ የባንዲራው ነገር አይደለም። የጦሩን ነገር ይዞ «ይደር» የሚል ሰው አለመቀመጡ ነው።

ብዙ አወራሁ። ቀጥሎ የሒሳብ ሪፖርት ይሰማል፤ ከዚያ ሻይ፤ ከዚያ ወደ ቡድን ውይይት። ሰሜኑን የሚወስደው ቡድን ክሩን ከጸሐፊያችን ይቀበል። ሉሉን እየተቀባበላችሁ እዩት፣ ግን ይመለስልኝ። በሞዴል 22 በስሜ ፈርሜ ነው ያወጣሁት።